«የ»

«ፀሐይ የሞቀው ነገር፣ አገር ያወቀው ነው» ሲሉ፣
የፀሐይ የራሷ ፊቶች ፀሐይ ሳትነካቸው አሉ፤
በሣጥን፣ በአሮጌ ጋዜጣ ተጠቅልለው ተኝተው፣
ከትምህርት ቤት መጋዘን፣ ከተሰበረ ወንበር ሥር ሰንብተው።

አራተኛ ፎቅ ነኝ፤ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም ቤቴ፤
ውሃ በጄሪካን፣ መብራት በዕድል፣ ስካነር ከፊቴ።
መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርጄ፣ እጄን ጓንት አልብሼ፣
አንድ የመስታወት ሰሌዳ አወጣለሁ፣ አቧራውን በብሩሽ ዳብሼ።

ሥዕሉ ግልባጭ ነው፤ ሰማዩ እንደ ውሃ የጠራ፣
ፀሐይ ጥላሸት የመሰለች፣ ማድያቷ ብቻ የሚያበራ።
ማድያት ያልኩት እኔ ነኝ፤ መጽሐፉ «ነጥብ» ይለዋል፤
የእናቴን ጉንጭ ያየ ሰው ግን የቱ እንደሚሻል ያውቀዋል።

ያነሳት ኦቦ ሌንጂሳ ነው፣ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ፤
የሳይንሱ መምህር ሲዛወር «አደራ» ብሎት፣ በቃ፣
ቱቦውን፣ ካሜራውን፣ የማጠቢያውን ገበቴ ጥሎለት ሄደ፤
እሱም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኮረብታውን ወጣ ወረደ።

በፖስታው ጀርባ በእርሳስ፣ በጠባብ ጠባብ ፊደል፦
«ኅዳር ፲፪ ቀን ፶፱ ዓ.ም.፣ ሦስት ሰዓት ተኩል።
ነፋስ ከወደ ዱከም። አንድ ትንሽ፣ ሦስት ትላልቅ።»
ስለ ራሱ ግን አንዲት ቃል፣ «በረደኝ» እንኳ የማይለቅ።

ኮምፒውተሩ ይጠይቀኛል፦ ቀኑ በማን አቆጣጠር?
ሦስት ሰዓት ተኩል ስንት ነው፣ በዓለም ሰዓት ሲቀመር?
ሰባት ዓመት እጨምራለሁ፤ ስድስት ሰዓት ደምሬ ሦስት እቀንሳለሁ፤
የሌንጂሳን ረፋድ ይዤ በሌላ አገር ጎህ አስገባለሁ።

ከዚያ ትግሉ ይጀምራል፦ ይህ ነጥብ የማን ነው? የሷ?
ወይስ የሻጋታ፣ የዝንብ፣ የመስታወቱ ጠባሳ?
ጠርዙ ላይ አንድ አውራ ጣት አለ፣ ላቡ ደርቆ የቀረ፤
ማሽኑ «ቆሻሻ ነው፣ ላጥፋ?» አለ። ተው አልኩት። ኖረ።

ያስቸገረኝ ግን ሌላ ነው። በእያንዳንዱ ሰሌዳ ዳር
በመርፌ የተጫረች «የ» አለች፣ ብቻዋን፣ ያለ ነገር።
የማን? የምን? የየትኛው? ዘርፍ ብቻ፣ ባለቤት የሌለው፤
በር ላይ ቆሞ እንደ ቀረ እንግዳ፣ ግባ ባይ ያነሰው።

ሁለት ሳምንት አሰላሰልኩ። የሚስቱ ስም ይሆን? የእጁ ፊርማ?
ሰሜኑን ከደቡቡ መለየት አልቻልኩማ!
ክብ ነገር ራስ የለውም፣ እግርም የለው፣ ይዞራል፤
ፀሐይን ያዘቀዘቀ ሰው የስንት ዓመት ቁጥር ያበላሻል።

መብራት የሄደ ዕለት ገላን ድረስ ባጃጅ ያዝኩ፤
ሲኖትራክ ባነሳው አቧራ ውስጥ ቤቱን እየጠየቅኩ ደረስኩ።
የከሰዓቷን ፀሐይ ጀርባውን እያስመታ ተቀምጧል፤
ሰማንያ አልፎታል፤ ዓይኑ ደህና ነው፣ ጆሮው ግን ከብዷል።

«የ» ምንድን ናት? አልኩት ጮኼ፣ መዳፌ ላይ ጽፌ አሳየሁት፤
ሳቀ። በአገጩ ወደ ምሥራቅ ጠቆመኝ። ዞሬ ተራራውን አየሁት።
«የረር ነዋ! ከዚያ አይደል የምትወጣው በየጠዋቱ?
ተራራው ያለበትን ጎን ጫርኩ፤ ሌላ ምን ነበር ምልክቱ?»

ምን እንደምሠራ ነገርኩት፦ አራት ሺህ ሰሌዳ አለፈ፣
ሩቅ ያሉ ሰዎች ጠባይዋን ሊያጠኑ ቁጥሩ ተሰለፈ።
ሰማኝ ወይም አልሰማኝም። ዝም ብሎ ቆይቶ ቆይቶ፣
«ደመናዎቹንስ ጻፍሻቸው?» አለኝ፣ ዓይኑን ከየረር ሳይለይ ከቶ።

አልጻፍኳቸውም። ባዶ ፖስታ መስለውኝ ከምሬያቸው ነበር፣
ሥዕል የሌላቸውን ቀኖች፣ ከአልጋው ሥር፣ ከግድግዳው ዳር።

ማታ መብራት መጣ። ክምሩን ወደ ፊቴ ሳብኩ።

«ሐምሌ ፫። ወጣሁ። ደመና።»
«ሐምሌ ፬። ወጣሁ። ደመና።»
«ሐምሌ ፭። ወጣሁ። ዝናብ። ቱቦውን በካፖርቴ ሸፈንኩ።»
«ሐምሌ ፮። ወጣሁ።»
ሌላ አልጻፈም። እኔም እንዳለ አስገባሁ።